ቃል የሌለው ዜማ፦ ስለ ኃይሉ መርጊያ ካሴት

ከዝዋይ ወደ ላንጋኖ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ቡልቡላ የምትባል ከተማ አለች። የዝዋይን ሐይቅ ውሃ ወደ አብያታ የሚያወርደውም ወንዝ ስሙ ቡልቡላ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚያ ስናልፍ ከመንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ገብተን አረፍ አልን። ሬዲዮው ክፍት ነበርና የአኮርዲዮን ድምፅ ስንሰማ፥ አስተናጋጁን ወጣት የማን ዘፈን እንደ ሆነ ጠየቅነው። «ጋሼ፥ ይኸ እኮ ዘፈን አይደለም፤ ዜና ከመጀመሩ በፊት የሚለቁት ነው» ሲል መለሰልን።

ልጁ አልተሳሳተም። በአገራችን በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቱት ዜማ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ይኸው ነው፤ አንዱ ዝግጅት አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባዶውን ጊዜ መሙላት። ግጥምን ከዜማ አስበልጦ የለመደ ጆሮ፥ ቃል ካልሰማ የሰማ አይመስለውም። እኛም ራሳችን ያን ዜማ ለብዙ ዘመን የሰማነው እንደ ልጁ ስለ ነበር፥ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በከፊል የቆየ ዕዳችንን ለመክፈል ነው።

ዜማው አቶ ኃይሉ መርጊያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ካወጡት ካሴት የተወሰደ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አቶ ኃይሉ በ1946 በሸዋ ተወልደው በአዲስ አበባ ያደጉ ሲሆን፥ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ አኮርዲዮን መጫወት ጀመሩ። በኋላ ግን ስማቸው የታወቀው በኦርጋን ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋራ በሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫውተዋል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ታውጆ ስለ ነበር፥ አምሽቶ የተገኘ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው ይቆይ፥ እነርሱም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጉዞ በየከተማው ሲጫወት ከቆየ በኋላ፥ ከአባሎቹ አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አቶ ኃይሉና ጥቂት ባልንጀሮቻቸው በዚያው ቀሩ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንወዳለን። ኦርጋን ተጫዋች በባንድ ውስጥ ብቻውን የቆመ ሰው አይደለም። ከፊቱ ሳክስፎንና ትራምፔት፥ ከኋላው ባስና ከበሮ አሉ፤ እርሱ የሚጫወተው እነርሱ በተዉለት ክፍተት ነው። እነዚያ ሲበተኑ ክፍተቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዋሽንግተን ላይ አቶ ኃይሉ ያጡት ሥራን ብቻ አልነበረም፤ የሚጫወቱበትን ቋንቋ አጥተው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

መፍትሔውን ያገኙት ብቻቸውን ሆነው ነው። በ1985ቱ ካሴት ውስጥ ባንድ የለም። ከበሮውን የሚመታው መኪና ነው፤ ሞግ የተባለውን መሣሪያም፥ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖም የሚጫወቱት እርሳቸው ናቸው፤ በዚህ ሁሉ ላይ ዜማውን ይዞ የሚሄደው ያ ትልልቆቹ ባንዶች «ያረጀ» ብለው የተዉት የልጅነታቸው አኮርዲዮን ነው። ስለዚህ ሥራ የጻፉ ሰዎች አዲስነቱን ለመኪናው ሲሰጡ አይተናል። በበኩላችን አንስማማም። የከበሮ መኪና በዚያ ዘመን በየስቱዲዮው ነበረና ማንም ሊገዛው ይችል ነበር። መኪናው አይደክምም፥ አይቸኩልም፥ አይተነፍስም፤ አኮርዲዮን ግን በወናፍ የሚተነፍስ መሣሪያ ነው። «ሸሞንሟናዬ»ን ወይም «አምባሰል»ን ደጋግሞ ያዳመጠ ሰው፥ ዜማው ከምቱ ጥቂት ዘግይቶ ሲደርስ፥ አንዳንዴም ቀድሞ ሊሄድ ሲዳዳው ይሰማል። የማይተነፍሰው ባይኖር ኖሮ የሚተነፍሰውን እንዲህ ባልሰማነው ነበር።

ይህን ስንል ጉድለት የለውም ማለታችን አይደለም። ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ለሚሰማ ሰው የመኪናው ምት ያሰለቻል። በ«ሽለላ» ላይማ ደም የሚያፈላ ከበሮ እየጠበቅን ሳለ የሰዓት ቆጣሪ ድምፅ የሚመስል ነገር ሰምተን ቅር ብሎናል።

አቶ ኃይሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመድረክ ራቁ፤ ቆይተውም በዋሽንግተን የታክሲ ሾፌር ሆኑ። ካሴቱን ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ በባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ የውጭ አገር ጋዜጦች «የጠፋው ሙዚቀኛ ተገኘ» የሚለውን ታሪክ ሳይሰለቹ ተረኩት። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ዳሩ ግን እውነቱን ይሸፍናል። አቶ ኃይሉ በዳለስ አውሮፕላን ጣቢያ ተራ እስኪደርሳቸው ሲጠብቁ፥ በመኪናቸው የዕቃ ማስቀመጫ ይዘውት የሚዞሩትን ኪቦርድ አውጥተው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ጣቱን በየቀኑ የሚያሠለጥን ሰው ጠፋ አይባልም፤ የጠፋው አድማጩ ነው፤ ከአድማጩም እኛ አንቀርም።

ለዚህ ምስክራችን በ2018 ያወጡት «ላላ በሉ» ነው። ከከበሮ መቺው ከቶኒ በክና ከባስ ተጫዋቹ ከማይክ ማይኮቭስኪ ጋራ ሆነው የሠሩት ሲሆን፥ የመኪናውን ቦታ ሰው ይዞታል። ለ1985ቱ ካሴት ያለን ፍቅር እንዳለ ሆኖ፥ ይኸኛው የበለጠ ሥራ ነው ብለን እንፈርዳለን። «ትዝታ» በአኮርዲዮን ይጀምርና ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳይቸኩል ይሰፋል። መጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ግን ፒያኖ ብቻ ነው፤ ባንድም መኪናም የለም። በ2020 የወጣው «የኔ ምርጫ» ማሲንቆ ጭምር ቢገባበትም፥ የዚያችን ፒያኖ ጸጥታ በውስጡ አላገኘንም።

ቡልቡላ ላይ ከመነሣታችን በፊት የተጫዋቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ለልጁ ሰጠነው። አንብቦ ካበቃ በኋላ ቀና ብሎ፥ «እሺ ጋሼ፤ ታዲያ ዘፋኙ ማነው?» ሲል ጠየቀን።