ሞተር ሲነክስ

«ሞተሩ ነክሷል»፣ ማለትም ተጣብቆ አልዞር ብሏል፣ የሚለው ቃል በየጋራዡ በቀላሉ ይነገራል። ሰሚው ባለንብረት ግን ወዲያው የሚያሰላው ወጪውን ነው። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት መንከሱን አጣራለሁ። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል መኪና ባትሪው ወርዶ ወይም ሞተሪኖው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የደረቀ ዲናሞም በቺንጋው በኩል ደህናውን ሞተር አንቆ ይይዛል። ማርሹን ባዶ ላይ አድርጌ፣ ቺንጋውን ፈትቼ፣ ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) በረጅም ቁልፍ በእጄ አዞራለሁ።

እጅ ብዙ ይነግራል። ጨርሶ አልነቃነቅ ካለ ኮሎው የሚሽከረከርበት ብሮንዝ ተጣብቋል ወይም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተያይዟል። ጥቂት ዞሮ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ የሚል ከሆነ መንገድ የዘጋበት ነገር አለ፤ የወደቀ ቫልቭ ወይም የተጣመመ ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ)። ካንዴላዎቹ ወጥተው ሲዞር ውሃ ከተፈናጠረ ደግሞ ውሃ የጠጣ ሞተር ነው። ውሃ አይታመቅምና እንዲህ ያለውን በሞተሪኖ ደጋግሞ መሞከር ቢየላ ማጣመም ነው።

ቀጥሎ ዘይቱን በንጹሕ ሳህን አወርዳለሁ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨበት ብሮንዝ ተበልቷል። ከታች ከፍቼ ብሮንዞቹን በየተራ አያለሁ። ሁሉም ከተቃጠሉ ዘይት አልደረሳቸውም ማለት ነው፤ ጎድሏል፣ ፓምፑ ደክሟል ወይም የመሳቢያው ወንፊት ተደፍኗል። አንዱ ብቻ ተቃጥሎ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ግን ወደ እሱ የሚሄደው ቀዳዳ ተዘግቷል፤ ያለዚያ ቀድሞ ሲገጠም ልኩ አልተጠበቀም።

ብሮንዞቹ ደህና ሆነው ፒስተኑ ዙሪያውን ከተፋቀ ሙቀትን እጠረጥራለሁ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይሞላዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው ያረጀ ክዳን ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ጭኖ ለሚወጣ መኪና ግን ሞተር ያስከፍላል።

ብረቱን ከጠየቅኩ በኋላ ሾፌሩን እጠይቃለሁ፤ ባለንብረቱ አጠገባችን ሳይኖር። እንጀራው ላይ የሚፈርድበት ሰው ቆሞ እየሰማ «የዘይት መብራት በርቶ ነበር» የሚል ሾፌር ጥቂት ነው። «ጌጁ አልጨመረም» ሲለኝም ዋሸ አልልም። ውሃው ጨርሶ ካለቀ ሙቀት መለኪያው ውሃ ስለማያገኝ ጌጁ ወርዶ ሊያሳይ ይችላል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። የተጣበቀው ብሮንዝ የጥፋቱ መጨረሻ ነው፤ መነሻው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ይገኛል። ስለዚህ መኪናዎ ነክሷል ከተባሉ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት «ምን አስነከሰው?» ይበሉ፤ መካኒኩም የተቃጠለውን ዕቃ በእጁ ይዞ ምክንያቱን ያሳይዎት። ራዲያተሩ ሳይታይ፣ የዘይቱ መንገድ ሳይጸዳ የተገጠመ ሌላ ሞተርም እንደ ፊተኛው ይነክሳል።