የመቀሌው ዐምድና የግርጌው ሰዎች

ወደ መቀሌ የሚገባ መንገደኛ ከሩቅ የሚያየው የሰማዕታት ሐውልትን ቀጭን ዐምድና በጫፉ ላይ ያለውን ወርቃማ ሉል ነው። ሐውልቱ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በተካሄደው የትጥቅ ትግል ለወደቁት የቆመ ነው። ሐያሲ ግን በቁመቱ ተማርኮ ወይም በፖለቲካው ተቈጥቶ ሊያልፈው አይገባም፤ የቅርጹን አመጣጥ መመርመር ይኖርበታል።

በመካከል ረጅም ዐምድ፣ በግራና በቀኝ የተቀረጹ ሰዎች፤ ይህ አቀማመጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ደርግ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ አዲስ አበባ ላይ ያቆመው የትግላችን ሐውልትም እንዲሁ ነው። እስከ ሞት የተፋለሙ ሁለት ወገኖች ሙታናቸውን የሚያስታውሱበት የቅርጽ ቋንቋ አንድ ሆኖ መገኘቱ ሊያስገርመን ይገባል።

የአክሱም ጠራቢ ከዚህ የጠለቀ ነበር። በ1929 ፋሺስቶች ወደ ሮም ያጋዙት፣ በ1997 የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ዳሩ ግን ከግርጌው በር፣ ከበሩም በላይ በየደርቡ መስኮት ተቀርጾበታል። ተመልካቹ አንጋጦ የሚያየው ቤት ነው። ያ በር ግዝፈቱን በሰው ልክ እንድንመትረው ያደርገናል።

የመቀሌው ዐምድ ለዐይን እንዲህ ያለ ማረፊያ አይሰጥም። ማረፊያው ከግርጌው ባሉት ምስሎች ዘንድ ነው፤ እዚያ ከታጋዩ ጋር ባላገሩም ይገኛል። በእኔ ሚዛን የሥራው እውነተኛ ይዘት ይህ ነው፤ ዐምዱ ማጀቢያ ነው። (የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልትም ዛሬ ድረስ የሚናገረው በድንጋዩ ቁመት ሳይሆን ባልታጠቀው ሕዝብ ላይ የደረሰውን ፍጅት በሚያሳዩት የነሐስ ቅርጾቹ ነው።)

ነገሩ ያለፈ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መቀሌ በ1888 ጣሊያኖች በእንዳ ኢየሱስ ምሽጋቸው ተከበው፣ ውሃ ተቋርጦባቸው የለቀቋት፣ በ1928 ደግሞ ተመልሰው የያዟት ከተማ ናት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከተካሄደው ጦርነት ወዲህ፣ በጥቅምት 2016 መርዶ በየቤቱ ሲገባ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ለእነዚህ ሙታን መታሰቢያ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ከፊተኛው የበለጠ ረጅም ዐምድ የሚያቀርብ አይጠፋም፤ መሣሪያ ሳይዝ የሞተው ገበሬና በመድኃኒት እጦት ያለፈው በሽተኛም ዳግመኛ የግርጌ ጌጥ ይሆናሉ።

ቀራጺዎቻችን እርሳስ ከማንሣታቸው በፊት ለዐምዱ ጀርባቸውን ሰጥተው የግርጌውን ምስሎች ደጋግመው ይመልከቱ። ንድፋቸውም ወደ ነሐስ ከመለወጡ አስቀድሞ በሸክላ ተሠርቶ፣ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ቀርበው እንዲነቅፉት በአደባባይ ይቀመጥ።