ለእኛ የተሠራውን ማን ይመዝነዋል?

በመርከዝ ክሊጣ ውስጥ ያላችሁም ሆነ በቅርቡ ወጥታችሁ የራሳችሁ ቤት የገባችሁ ቤተሰቦች፣ ከዕብራይስጥ ቃላት ሁሉ ቀድማችሁ የለመዳችሁት አንዱ «ፕሮዬክት» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። የልጆች ማስጠኛ ፕሮዬክት አለ፤ የእናቶች አለ፤ የሥራ ማሠልጠኛ አለ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ ስሙም አስተባባሪውም ይለወጣል። ገንዘቡ ከመንግሥት፣ ከኢሪያው፣ ከሶክኑት ወይም ከውጭ አገር ለጋሾች ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ፕሮዬክቱ የታሰበለትን ጥቅም ማስገኘት አለማስገኘቱን ማን ያየዋል? ያየውስ ለማን ይነግራል?

ይህ ሥራ ግምገማ ይባላል። ቃሉ ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ጆሮ ደስ እንደማይል እናውቃለን። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ»፣ በኢሕአዴግ ጊዜ ደግሞ «ግምገማ» ሲባል፣ ሰው በሰው ላይ የሚነሣበትና ሹም ከወንበሩ የሚወርድበት ስብሰባ ማለት ነበር። አንዲት ተመራማሪ ቅጽ ይዛ በር ስታንኳኳ አባቶች «ደግሞ ማንን ልታስወርድ ነው?» ብለው ቢጠረጥሩ አንፈርድባቸውም። እኛ የምንናገርለት ግምገማ ግን ገበሬ ጥንቱን የሚያውቀው ነው። ገበሬ አዲስ ዘር ሲሰጡት ማሳውን በሙሉ አይዘራበትም። ጥቂት ቦታ ለይቶ ይዘራል፤ የድሮውንም ዘር ከአጠገቡ ይዘራል፤ በአውድማም ሁለቱን ለየብቻ ይሰፍራል። ዝናቡ ያመጣውንና ዘሩ ያመጣውን የሚለየው እንዲህ አድርጎ ነው። ሸክላ ሠሪ እናቶቻችንም ገንቦውን ከእሳት ካወጡ በኋላ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ይሰማሉ። ስንት ገንቦ እንደሠሩ ብቻ ቆጥረው ገበያ የሚወጡ አልነበሩም።

በየዓመቱ የምናያቸው ብዙ ሪፖርቶች ግን የገንቦውን ቁጥር ብቻ የሚናገሩ ናቸው። ይህን ያህል ልጆች ተመዘገቡ፣ ይህን ያህል ስብሰባ ተደረገ፣ ይህን ያህል ሰቅል ወጣ ይላሉ። ልጁ ንባብ ቻለ ወይ? ሥልጠናውን የጨረሰው አባት ከዓመት በኋላም በዚያው ሥራ ላይ ነው ወይ? ይህን ፈልጋችሁ ገጹን ብታገላብጡ ብዙ ጊዜ አታገኙትም።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የቤትን ጉዳይ እንውሰድ፤ አዲስ ለመጡት ቤተሰቦች ነገ የሚገጥማቸው እሱ ነውና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ እስራኤል ገቡ። በዚያው ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት የሚመጡት ኦሊም በመቶ ሺህ ይቆጠሩ ስለነበር በአገሩ ቤት ጠፋ፤ ዋጋውም ናረ። ብዙ ቤተሰቦች በሆቴልና በመርከዝ ክሊጣ ከተቀመጡ በኋላ ወደ ካራቫን ሰፈሮች ተወሰዱ። ሑልዳ፣ ሐጽሮት ያሳፍ፣ ጊቫት ሀማቶስ የሚሉትን ስሞች የዚያን ጊዜ ሰዎች አይረሷቸውም። ካራቫን በበጋ ምድጃ ነው፣ በክረምት ደግሞ ብርድ ያስገባል። ብዙዎቹ ሰፈሮችም ከከተማ ወጣ ያሉ ስለነበሩ ለሥራም ለትምህርትም አይመቹም ነበር።

በ1993 ያኢር ጻባን የክሊጣ ሚኒስትር በነበሩ ጊዜ መንግሥት ለኢትዮጵያ ኦሊም ልዩ ማሽካንታ አወጣ። ከገንዘቡ አብዛኛው ወደ ስጦታ የሚለወጥ ነበር፤ ቤቱ የሚገዛው ግን ለዚህ በተመረጡ ከተሞች ውስጥ ነው። የዕቅዱ ሐሳብ ሁለት ነበር። አንደኛው ቤተሰቦቹ ከካራቫን ቶሎ እንዲወጡ ነው። ሁለተኛው ሥራና ጥሩ ትምህርት ቤት ባለበት፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው እንዲኖሩ ነው።

የመጀመሪያውን ሐሳብ በቁጥር ብንመዝነው ዕቅዱ ተሳክቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከካራቫን ወጥተው የገዛ ቤታቸውን ቁልፍ ያዙ። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ርስት የተከለከለ ሕዝብ በስሙ የተመዘገበ ቤት ማግኘቱ ምን ማለት እንደሆነ ሽማግሌዎቻችንን መጠየቅ ይበቃል። በአደባባይ ጎልቶ ይነገር የነበረውም ይኸው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ግን እንደታሰበው አልሆነም። የተሰጠው ገንዘብ በተመረጡት ከተሞችም ቢሆን የሚበቃው በርካሾቹ ሰፈሮች ለነበሩት አሮጌ ቤቶች ነበር። ቤተሰብ ደግሞ ዘመድ ያለበትን ይከተላል። ደላላውም ገዢውን ቶሎ ወደሚሸጥለት ቦታ ይመራል። በዚህ ምክንያት በረሖቮት ቂርያት ሞሼ፣ በነታንያ፣ በሐዴራ፣ በቂርያት ማላኺና በሌሎችም ከተሞች በአንዳንድ ሰፈሮች ወገኖቻችን ተከማቹ። ከዚያ ልጆቹ በአንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ፤ አቅም ያላቸው ጎረቤቶች ለቀው ሄዱ፤ የቤቱም ዋጋ እንደ ሌላው ሰፈር ሳያድግ ቀረ። በጥር 2012 በቂርያት ማላኺ የአንዳንድ ሕንፃዎች ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥ መስማማታቸው ሲሰማ ሕዝቡ ለሰልፍ ወጣ። ያ ቁጣ በአንድ ቀን የተፈጠረ አልነበረም።

ይህን አካሄድ ለማወቅ ሃያ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። በእያንዳንዱ የቤት ውል ላይ አድራሻ ተጽፏል። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የመቶ ቤተሰብ አድራሻ ወስዶ በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ ማስቀመጥ የአንድ ሰው የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ነጥቦቹ በጥቂት ጎዳናዎች ላይ መደራረባቸው በስድስት ወር ቢታይ ኖሮ፣ በሌሎች ሰፈሮች የሚሰጠውን ገንዘብ ከፍ ማድረግ ወይም ለገዢው ከደላላው የተለየ መካሪ መመደብ ይቻል ነበር። በጊዜው የመጣ ግምገማ መሪ ይጠመዝዛል፤ ዘግይቶ የመጣው ግን ታሪክ ይጽፋል እንጂ መንገድ አያስለውጥም።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በካርታው ላይ የተከማቹትን ነጥቦች ብቻ አይቶ «ዕቅዱ ከሸፈ» ብሎ መዝጋትም ጥሩ ግምገማ አይደለም። ለቅሶ ሲደርስ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ አራስ ስትጠየቅ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ቄስ ያለበትን፣ አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚሰማ ሰው ያለበትን ሰፈር አውቀው የመረጡ ብዙዎች ናቸው። የቤተሰቡ ምርጫ የቱ ነው፣ ሌላ አማራጭ በማጣት የተደረገው የቱ ነው የሚለውን መለየት የሚቻለው ቤተሰቡን በመጠየቅ ነው።

መጠየቁ ራሱ ቀላል አይደለም። «ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል መጠይቅ ይመጣል። አንዲት እናት እንግዳ ቤቷ ገብታ፣ ቡና ቀርቦ፣ «ፕሮዬክቱ እንዴት ነው?» ስትባል ምን ትላለች? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ትላለች። የበላበትን ወጭት መስበር በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እንግዳን ማሳፈርም እንዲሁ ነው። አጠገቧ ተቀምጦ የሚተረጉመው ሰው ራሱ የፕሮዬክቱ ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጠያቂዋ ግን «አምስት» ብላ ጽፋ ትሄዳለች። በሪፖርቱም ላይ ተሳታፊዎቹ በጣም ረክተዋል ተብሎ ይታተማል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ያ «አምስት» ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ማስረጃ ይሆናል። «ልጅሽ ትናንት ምን አነበበልሽ?»፣ «የልጅሽን አስተማሪ ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርሻት መቼ ነው?» ብትባል ግን እናትየዋ ማንንም ሳታሳፍር እውነቱን ትናገራለች። በማኅበራዊ ሥራ የተሰማራን ሰዎች በየቀኑ የምናየው ስለሆነ በዚህ ላይ አጥብቀን እንናገራለን፤ ብዙ መጠይቆች ለሌላ ሕዝብ ተዘጋጅተው ለእኛ የተተረጎሙ ናቸው።

ሁሉም ሥራ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም። በ1998 የተጀመረውና ለሕፃናትና ለወላጆቻቸው የተቋቋመው ፓክት የተባለው ፕሮግራም በማየርስ-ጆይንት-ብሩክዴል ተቋም ተመራማሪዎች ክትትል ተደርጎበታል። በመንግሥት በኩልም መሻሻል አለ። በ2008 መንግሥት ስለ ኢትዮጵያ ኦሊም የአምስት ዓመት ዕቅድ አውጥቶ ነበር፤ በ2013 የመንግሥት ተቆጣጣሪው (መቫኬር ሀመዲና) ስለ አፈጻጸሙ ጠንከር ያለ ትችት አቀረቡ። በ2015 «ዴሬኽ ሐዳሻ»፣ በእኛ አነጋገር «አዲስ መንገድ»፣ የተባለው ዕቅድ ሲወጣ ሚኒስቴሮቹ ሊለካ የሚችል ግብ እንዲይዙ ሐሳብ ገባ። ይህ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ነገር ግን ግቡን የሚያወጣውም፣ የሚለካውም፣ ደረስኩ የሚለውም ያው መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ተማሪው የራሱን ፈተና አረመ ማለት ነው።

ትችታችን በመንግሥት ላይ ብቻ አያርፍም። የማኅበረሰቡ ማኅበራትም ግምገማን ይፈራሉ። ምክንያቱ ይገባናል፤ ደካማ ውጤት ከታየ በጀቱ ይቆረጣል፣ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ የገዛ ወገኖቻችን ናቸው። «ገንዘቡ ለሌላ ከሚሄድ ለእኛ ልጆች ይዋል» የሚለው ክርክር በየስብሰባው ይሰማል። የልጅ ዕድሜ ግን አይመለስም። በማያስተምር የማስጠኛ ክፍል ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ ያጣው ገንዘብ ሳይሆን ሁለት ዓመት ነው። ለጋሾችም በበኩላቸው መልካሙን ብቻ የሚናገር ሪፖርት መጠበቃቸውን ቢተዉ፣ ማኅበራቱ እውነቱን ለመጻፍ ይደፍራሉ።

ሌላው ጉድለት የቋንቋ ነው። ስለ እኛ የሚጻፉት ጥናቶች በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ታትመው በመሥሪያ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ቤቷ ድረስ ተሂዶ የተጠየቀችው እናት የተናገረችው ምን ላይ እንደዋለ የሚነግራት የለም። ሁለት ገጽ የአማርኛና የትግርኛ ማጠቃለያ ማዘጋጀት ወይም ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ውጤቱን በቃል ማስረዳት ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጥናቱም ይታረማል፤ ተመራማሪዋ ያልገባትን ነገር አንድ ሽማግሌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያቀኑላት ይችላሉ።

እንግዲህ ከዘመቻ ጹር እስራኤል ወዲህ፣ ማለትም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ የቀደሙት ያልጠየቁትን ለመጠየቅ ጊዜው አላችሁ። ልጃችሁን ወደ አንድ ፕሮዬክት ስታስገቡ አስተባባሪውን «ባለፈው ዓመት የገቡት ልጆች ሲጀምሩ የት ነበሩ፣ ሲጨርሱስ የት ደረሱ?» በሉት። መልስ ካለው በደስታ ያሳያችኋል። ቅጽ ሲመጣ የሚተረጉምላችሁ ሰው የፕሮዬክቱ ሠራተኛ እንዳይሆን ጠይቁ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ መጮህ ሳያስፈልግ ግን በሕግ የተሰጠ መንገድ አለ። በ1998 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ (ሖክ ሖፌሽ ሀመይዳ) ለማንኛውም የእስራኤል ዜጋ ወይም ነዋሪ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከኢሪያ መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ለምን እንደፈለጋችሁት ምክንያት መስጠት አያስፈልግም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ በሕጉ መሠረት ጊዜውን ሊያራዝም ቢችልም፣ ማራዘሙን ለጠያቂው ማሳወቅ ይኖርበታል። ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል፤ ክፍያም ሊኖረው ስለሚችል በአንድ ሰፈር ያሉ ወላጆች ተባብረው በአንድ ደብዳቤ ቢጠይቁ ይቀላል። በደብዳቤው ላይ የፕሮዬክቱን ስም፣ የተካሄደበትን ዓመትና ከተማውን ጻፉ፤ «የግምገማ ሪፖርቱ ይላክልን» ብላችሁም ጠይቁ።