የትንኝ ሆርሞንና የወባ ተሕዋስ፦ አንድ ጥናት ከቢዮ አዋሌ አንጻር ሲታይ

የወባን ሥርጭት ስናሰላ፣ ጥገኛ ተሕዋሱ በትንኟ ውስጥ ለመብሰል የሚፈጅበትን ጊዜ ከአየሩ ሙቀት ጋር ብቻ ማያያዝ ለምደናል። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሴል» በተባለው መጽሔት የወጣው የዌርሊንግና የባልደረቦቻቸው ጥናት ይህን ልማድ ያናጋል።

ሴቷ ትንኝ ደም ስትመጥ እንቁላሏን የሚያሳድግ፣ ከኤክዳይሶን ወገን የሆነ ሆርሞን ይመነጫል። አጥኚዎቹ በአኖፊለስ ጋምቢዬ ላይ የሆርሞኑን ሥራ ሲያውኩ የፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ኦኦሲስቶች ቁጥር ቀነሰ፤ የተረፉት ግን የትንኟን ስብ እየተጠቀሙ ፈጥነው አደጉ፣ ስፖሮዞይቶቹም ቀድመው ለመተላለፍ በቁ። የትንኟ ዕድሜ አጭር በመሆኑ የቀናት ቅድሚያ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የእንቁላልን እድገት የሚያጨናግፍ ፀረ ትንኝ ዘዴን በኦኦሲስት ቆጠራ ብቻ መመዘን ያሳስታል። በእኔ እይታ የጽሑፉ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ ደራሲዎቹ ግን ለተሕዋሱ ብልሃት የሰጡትን ያህል ቦታ ለቁጥጥሩ ሥራ አልሰጡትም።

ለእኛ ያለው ጉድለት ሙከራው በጋምቢዬ ላይ ማተኮሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋን በበጋ የመታው ወረርሽኝ፣ በ2023 «ኔቸር ሜዲስን» እንደ ዘገበው፣ ከአኖፊለስ ስቴፈንሳይ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህች ትንኝ ሰው ባጠራቀመው ውኃ ውስጥ ትራባለች («ቢዮ» በሶማሊኛ ውኃ መሆኑን ልብ ይሏል)። እንዲህ ያለ ዘዴ ለቢዮ አዋሌና ለአካባቢው ቀበሌዎች ከመቅረቡ በፊት፣ ስፖሮዞይት በስቴፈንሳይ የምራቅ ዕጢ ውስጥ በስንተኛው ቀን እንደሚገኝ ሊለካ ይገባል፤ ያውም ደጋግማ ደም በመጠጣች ትንኝ ላይ።