ጥቅምት 30 በድረ ገጽ ላይ፤ ስለ ቀንና ሰዓት አጻጻፍ የቀረበ ሂስ

አንድ የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ በድረ ገጽ የተዘጋጀ ቅጽ ሲሞላ የልጁን የትውልድ ቀን «ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም.» ብሎ ይጽፋል እንበል። የቅጹ ሠሪ ዓመቱን፥ ወሩንና ቀኑን ሳይመረምር ለጃቫስክሪፕት የቀን መሣሪያ፥ ለ«ዴት»፥ ቢያቀብል መሣሪያው አይቃወምም፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ወደሚቀጥለው ዓመት አሳልፎ በ2016 የመጀመሪያ ወር 5ኛ ቀን ላይ ያኖረዋል። መዝገቡን የሚያነበውም ሰው መስከረም 5 ብሎ ይወስደዋል። እንዲሁም ጥቅምት 30 ቀን 2015 ኅዳር 2 ሆኖ ይወጣል፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር በ2015 28 ቀን ብቻ ነበረውና። (ወሮችን ከዜሮ ጀምሮ መቍጠሩን ለጊዜው እንለፈው።) በእኛ አስተያየት ከስሕተት ሁሉ የሚከፋው እንዲህ ያለው ነው። ቅጹ «አልቀበልም» ቢል ሰውየው ይከራከር ነበር፤ ዝም ብሎ ሲለውጠው ግን ከአባትየው ቃል ይልቅ መዝገቡ ይታመናል።

መሣሪያው በውስጡ ጊዜን የሚቈጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970፥ ማለት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አንሥቶ በሚሊሰከንድ ነው። በዚህስ አንነቅፈውም፤ ቍጥሩ የማንም አገር አይደለም። ነቀፋችን ቍጥሩ ከሰው ሲወሰድና ለሰው ሲገለጥ ባለው ላይ ነው።

ጠበቆቹ «ኢንትል» የተባለው ክፍል የእኛን ዘመን አቈጣጠር ያውቃል ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ «ኢትዮፒክ» ብሎ ለይቶ ያዘዘ ሰው ዐሥራ ሦስቱንም ወሮች ያገኛል። ይሁን እንጂ ቋንቋውን አማርኛ፥ አገሩን ኢትዮጵያ ብሎ ብቻ ለጠየቀ የሚመለስለት የጎርጎርዮስ ቀን በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ነው። ደግሞም ይህ ክፍል ቀንን ለማሳየት እንጂ የተጻፈውን ለመቀበል አልተሠራም፤ ስለዚህ ከላይ ያልነው የጳጉሜን ልጅ ከዚህ ምንም አያገኝም።

የሰዓቱ ነገር የባሰ ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት የሆነውን ቀጠሮ «8:00 ጥዋት» ብሎ ይጽፈዋል። ከአየር ጤና ታክሲ ተሳፍሮ የሚመጣ ባለጉዳይ ቍጥሩን ይመን ወይስ ቃሉን? ቍጥሩን ካመነ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል።

አንዳንድ ባልንጀሮቻችን ስድስት ሰዓት ቀንሶ ማሳየት ይበቃል ይላሉ። ሰዓቱ በርግጥ ይስተካከላል፤ ነገር ግን የተቀነሰው ከጊዜው ከራሱ እንደሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ትናንት ይመለሳል። የእሑድ ሌሊት 9 ሰዓት የቅዳሜ ይሆናል። ሕዝቡ ግን ይህን ድሮ መላ አበጅቶለታል፤ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብሎ ሁለቱንም ቀን ይጠራል። እኛም የምንጠይቀው የተመዘገበው ጊዜ ሳይነካ የሚታየው ቍጥር ብቻ እንዲለወጥ፥ ለሌሊቱም ክፍል «አጥቢያ» የሚለው ቃል እንዲገባ ነው።