የፕራግ ጎሌም፣ የሬሆቮት ጎሌምና የይለፍ ወረቀት

እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ በከተማችን በሬሆቮት፣ በዋይዝማን የሳይንስ ተቋም አንድ አዲስ ኮምፒዩተር ሲመረቅ የካባላው ሊቅ ፕሮፌሰር ገርሾም ሾሌም ንግግር አድርገው ነበር። ማሽኑን «ጎሌም» ብሎ የመሰየሙ ሐሳብም የእርሳቸው ነው። ንግግሩ በተከታዩ ዓመት ኮሜንታሪ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወጥቷል። ማሽን ዓለምን በአንድ መንግሥት ሥር ሊያስገዛ ይችላል ወይ ለሚለው የዛሬ ክርክር ይጠቅማል ብለን እንደገና አነበብነው።

በአፈ ታሪኩ የፕራጉ ረቢ ሌው ከጭቃ ሰው ሠርተው የፈጣሪን ስም በአፉ ሲያኖሩበት ይንቀሳቀሳል፣ ይታዘዛል። ዓርብ ማታ ስሙን ያወጡለትና ሰንበትን ያርፋል። አንድ ዓርብ ግን ረሱት፤ ጎሌሙም ሊያፈርስ ተነሣ። ሾሌም የመጀመሪያው በፊደላት ቅንብር፣ የሬሆቮቱ በዜሮና በአንድ እንደሚሠራ እያነጻጸሩ ይናገራሉ። ቀልዳቸውም ያምራል፤ ተቋሙ ለአስማት ምርምር ገንዘብ አለመመደቡን ይወቅሳሉ። በመጨረሻም ጎሌሙንና ሠሪውን ዓለምን እንዳያጠፉ አደራ ይላሉ።

ነቀፌታችን ከዚህ ይጀምራል። የሾሌም ስጋት ከሠሪው እጅ በሚያመልጥ ጎሌም ላይ ያረፈ ነው። እኛን የሚያሰጋን ግን እጅግ የሚታዘዘው ነው። በደርግ ዘመን ጎንደር ውስጥ ያለ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ ያስጠይቅ ነበር፤ የገበሬ ማኅበሩም ማን ከየት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ መዝጋቢው ሌሊት ይተኛል፣ ጠባቂውም ይዘናጋል። ወገኖቻችን በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በጨለማ ወጥተው ሱዳን የደረሱት በዚያ ክፍተት ነው፤ ወደ 4,000 የሚጠጉት በመንገድና በመጠለያ ሰፈር ቢቀሩም። ፊትን ለይቶ የሚያውቅ፣ ስልክን የሚከተል፣ እንቅልፍ የሌለው መዝጋቢ በዚያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ስንቶቻችን እዚህ እንገኝ ነበር?

ድሮ አንድ ገዢ ዓለምን ሁሉ እንዳይዝ ርቀትና የጸሐፊ ማነስ ያግደው ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የስልክ መስመር ሲያስዘረጉ ርቀትን ማሸነፋቸው ነበር። አሁን ሁለቱም እንቅፋቶች እየተነሡ ነው። አልበርት አንስታይንን የመሰሉ ደግ ሰዎች ከአቶም ቦምብ በኋላ ጦርነት እንዲቀር የዓለም መንግሥትን ተመኝተዋል፤ ምኞታቸውን አንንቅም። ነገር ግን ምድር ሁሉ አንድ መንግሥት ሲሆን ሱዳን የሚባል ጎረቤት አይኖርም፤ ከክፉ ገዢ የሚሸሽ ሰው የሚሻገረው ወንዝም የለም።

ረቢ ሌው ስሙ የተቀመጠበትን ያውቁ ነበርና ሮጠው አወጡት። በሾሌም ንግግር ላይ የምንጨምረው አንድ ጥያቄ ይህ ነው፤ የዛሬውን ጎሌም ዓርብ ማታ ስሙን የሚያወጣለት ማን ነው?