ከእርቁ ቀን በፊትና በኋላ

ግጭት ያለፈበት ቤት ገብቶ «ምን አደረሱባችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። ለእርቅ ሥራ ጂንካ ከተማ ውስጥ የምጀምረው በሌላ ጥያቄ ነው፤ «ቤት ውስጥ ምን ምን ነበር?» አንዲት እናት መጀመሪያ ቆርቆሮውን ቆጠሩልኝ። ቀጥለው ምጣዱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ለልጃቸው በዕቁብ ብር የገዙትን የልብስ ስፌት መኪና። እዚያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ከቆይታ በኋላ ማን እንደመጣ፣ ከመጡት ውስጥ የትኛውን እንደሚያውቁት፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

በ2014 ዓ.ም. ከአሪ ሕዝብ የዞንነት ጥያቄ ጋር ተያይዞ በተነሣው ሁከት በጂንካና በአካባቢው ቤቶችና ሱቆች ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። በሌላው ወገን ደግሞ ልጁ የታሰረበት አባት አለ። እሱንም ለብቻው፣ በዚያው ጥሞና እሰማለሁ። ሁለቱም ተናግረው ሳይጨርሱ ፊት ለፊት አላገናኛቸውም።

ጂንካ የምትገኝበት የደቡብ ኦሞ አካባቢ እርቅ ያውቃል። በ1985 ዓ.ም. አርቦሬዎች፣ ቦረናዎች፣ ሐመሮችና ሌሎች ጎረቤቶቻቸው አርቦሬ ላይ ተሰብስበው ጦራቸውን ቀብረዋል፤ አንትሮፖሎጂስቶቹ ኢቮ ስትሬከርና አሉላ ፓንክረስት በፊልም አስቀርተውታል። ሥርዓቱን አከብረዋለሁ። ነገር ግን እርቁ በሕዝብና በሕዝብ መካከል ነበር፤ ሲያበቃ ሁሉም ወደየመንደሩ ተመለሰ። ጂንካ ላይ የተቃጠለበትና ያቃጠለው ጎረቤታሞች ናቸው። ቅዳሜ ገበያ አንዱ ያመጣውን ቡና ሌላው ይገዛል። እዚህ የአንድ ቀን ሥርዓት ብቻውን አይበቃም።

ይህን እያወቅን ብዙዎቻችን የበጎ አድራጎት ሠራተኞች በሬው ታርዶ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ሽማግሌዎች መርቀው ፎቶ እንዲነሣ እንቸኩላለን፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነውና። ካሳ ሳይነሣ የተመረቀ እርቅ የተበደለውን ሰው ሁለተኛ ይበድለዋል። በሕዝብ ፊት «ይቅር በል» ሲባል እምቢ ማለት አይችልም።

እኔ የምከታተለው ገበያውን ነው። ጎመን ሻጯ ከግጭቱ በፊት ለምታውቃት የሌላው ወገን ደንበኛዋ ምራቂ ጨምራ ስትሰጥ ካየሁ ማስታወሻዬ ላይ አሰፍረዋለሁ። ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይልቅ ያንን አምናለሁ።

ለዚህ ሥራ ገንዘብ የምትመድቡ ወገኖች፣ ከድግሱ ቀንሳችሁ ለቤት መጠገኛ ስጡ፤ እርቁን የሚያመቻቸውን ባለሙያም ከእርቁ ቀን በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያው አቆዩት።